ከካሳሁን ቁጥር የመጣ መርዶ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፤ ጠዋት 4፡30

የኮምፒውተር ክፍል አለቀ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ታች እህል በረንዳ ጤፍ እያወረዱ ነው፤ አቧራው አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል። ኮምፒውተሬን በመሐረብ ሳልጠርግ አልጀምርም። ልጆቹ ይስቃሉ። ይሳቁ። የእነሱ ኪቦርድ ፊደሎች ይጣበቃሉ፣ የእኔ አይጣበቁም።

የዛሬው ትምህርት ሠንጠረዥ። አግድም ያለው ረድፍ አንድ ሰው ነው፤ ቁልቁል ያለው ዓምድ ስለዚያ ሰው የምናውቀው። ይህንን ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳሰምር ኖሬአለሁ፤ ጂኦግራፊ ያለ ሠንጠረዥ አይሆንም። ለእኔ አዲሱ «ዋና ቁልፍ» የሚሉት ነው። አንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለይ፣ ሁለት ጊዜ የማይገኝ ነገር። ስም አይሆንም። መ/ር ናትናኤል እንዳለው፣ መርካቶ መሐል ቆሞ «አበበ!» ያለ ሰው ግማሹን ገበያ ያዞራል።

መ/ር ናትናኤል በዕድሜ ልጄ ነው። እሱ «ቲቸር» ይለኛል፣ እኔ «መምህር» እለዋለሁ። አዲስ ሰው ቢገባ ማን ማንን እንደሚያስተምር አይገባውም።

የቤት ሥራ፦ በደንብ የምታውቁትን ነገር ዳታቤዝ አድርጋችሁ አምጡ። ልጆቹ እግር ኳስና ዘፈን መረጡ። እኔ የሰፈራችንን እድር። ባለቤቴ ካሳሁን፣ ነፍሱን ይማረው፣ እስከ መጨረሻው የእድሩ ጸሐፊ ነበር። ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ለአባሎቹ ቁልፉ ምን ይሁን ብዬ ጠየቅሁ። ስልክ ቁጥር ያድርጉት ቲቸር አለኝ፤ አንድን ቁጥር ሁለት ሰው አይይዘውም። ትክክል መሰለኝ። ጻፍኩት።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል፣ ደብተሬ። የእድር አባል ሰው ነው ወይስ ቤት? ባል ሲሞት ሚስት ትቀጥላለች። ካሳ ሞተ፣ እኔ ቀጠልኩ። ረድፉ ያው ነው ወይስ ሌላ? ላስብበት።


ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፤ ጠዋት 1፡20

ጉድ ነው፣ ደብተሬ። ስለዚህ በቅደም ተከተል።

ገና ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬ ጮኸ። የእድሩ ግሩፕ። ላኪው፦ ካሳሁን። ፎቶው ያው የድሮው፣ ባርኔጣውን እንዳደረገ። እንዲህ ይላል፦ እትዬ አስካለ ሌሊት አርፈዋል፣ ቀብራቸው ዛሬ 6 ሰዓት ሚካኤል ቤ/ክ ነው፣ ልጃቸው ለሰው ሁሉ ንገሩልኝ ብሏል።

ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ብነግርህ ትስቃለህ። የካሳ አጻጻፍ አይደለም አልኩ። እሱ «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት» ሳይል አይጀምርም ነበር። ይህንን እንደ ማስረጃ መያዜ! ምን ማስረጃ ያሻል? ሰውዬውን ራሴ ነኝ የቀበርኩት።

ከስሙ ሥር ኦንላይን ነው ይላል። አረንጓዴ።

ቀጥሎ አንዷ «በስመ አብ» ብላ ጻፈች። አንዱ ደግሞ «ጋሽ ካሳ እዚያም ሥራ አለቀቁም እንዴ?» አለና መልሶ አጠፋው። ቢያጠፋውም ሁላችንም አይተነዋል።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደምሴ ደወሉልኝ። ሁልጊዜ እንደ ሐራጅ ሻጭ የሚጮኹት ሰውዬ ድምፃቸው ቀጥኗል። «ወ/ሮ የሺ፣ አዩት?» አየሁት። ግን አስቀድመን እትዬ አስካለ በእርግጥ ማረፋቸውን እንወቅ አልኳቸው። እሱን አላሰቡትም ነበር። ሰው ላኩ። እውነት ነው። ዛሬ ሌሊት።

ከቀኑ 10፡00

ከቀብር ተመለስኩ። ማንም አልቀረም፤ እንዲያውም ካለፉት ቀብሮች ሁሉ ሰው የበዛበት ነው። ሁሉም እያጮለቀ እኔን ያያል። እትዬ አስካለን ማልቀስ የነበረብንን ያህል አላለቀስንም። ይህ ያሳዝነኛል።


ጥቅምት 7፣ አርብ

የካሳ ስልክ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አየሁት። ባትሪው ሞቷል፣ ሲሙ ውስጡ ነው፤ ካረፈ ወዲህ ካርድ አልሞላሁበትም። ስለዚህ ስልኩን የሰረቀ የለም። የቀረው ቁጥሩ ነው።

ጠዋት ወደ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ምንም አልገረማትም። ብዙ ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተመልሶ ይሸጣል አለች። «እንደ ታክሲ ወንበር ነው እናቴ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይቀመጣል።»

እሺ። ይህ ለወንበር ልክ ነው። ግን መልእክት መላኪያው የሌላ ኩባንያ ነው፣ ባሕር ማዶ ያለ። እሱ ሰውን የሚያውቀው በቁጥሩ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን የያዘ ሁሉ ለእሱ ካሳሁን ነው። ሁለቱ አይነጋገሩም። አንዱ ወንበሩን ሸጠ፣ ሌላው በወንበሩ ላይ ስሙን፣ ፎቶውንና ወዳጆቹን ትቶ ጠበቀ።

ዋና ቁልፍ! ማክሰኞ ዕለት ትክክል መሰለኝ ብዬ የጻፍኩት ይኸው ነው።

ደወልኩ። ወደ ካሳ ቁጥር። የሴት ልጅ ድምፅ፣ ፈጣን፣ ገበያ ጀርባዋ ይጮኻል፦ «አቤት፣ ዱባይ ተራ፣ የስልክ ዕቃ ነው። ድንኳን ፈልገው ከሆነ የለም!»


ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፤ ከሰዓት

ስሟ ሰሚራ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ይሆናታል። ከስልጤ መጥታ መርካቶ ዱባይ ተራ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው አፍ ላይ፣ ከአንድ የተማሪ ዴስክ የማይሰፋ የመስታወት መደርደሪያ ከሌላ ነጋዴ ጋር ተጋርታ ይዛለች። የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ወንበሯን ለቀቀችልኝና ቆማ አወራችኝ።

ቁጥሩን ካወጣች ጀምሮ ለድንኳን ይደወልላታል። ለአግዳሚ ወንበር። ለትልልቁ ብረት ድስት። አንድ ሰውዬ ሰርግ ላይ ቆሞ «ድስቱን መልሼ የት ላምጣ?» ብሎ ጮኾባታል። ለምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። የእድር ዕቃ ከሌላ እድር ዕቃ ጋር ይቀላቀላል፤ ካልተጻፈበት በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ካሳ የራሱን ስልክ ቁጥር በቀይ ቀለም፣ በገዛ እጁ፣ ድንኳኑ ላይ፣ ወንበሮቹ ላይ፣ ድስቶቹ ላይ ሁሉ ጻፈው። እድሩ በአንድ ድምፅ አጽድቆ ነው። እኔም ቀለሙን ይዤለት ነበር። ጸሐፊው ይሞታል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም፤ ሞትን ለማሰብ በተቋቋመ ማኅበር ውስጥ።

«ሁለት ወር ሙሉ ሰው አጽናናሁ እትዬ» አለችኝ። «የቀረኝ መዋጮ መክፈል ነው።»

የሐሙሱን ጠየቅኋት። የእትዬ አስካለ ልጅ፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ ይሆናል፣ ጎህ ሳይቀድ ደወለ፤ እያለቀሰ ተናግሮ፣ ለሰው ንገሩልኝ ብሎ ዘጋ። መልሳ ብትደውል አይነሳም። አካውንቱ ውስጥ ግሩፑን ታየዋለች። ዝም ብል ሴትየዋ ያለ ሰው ይቀበራሉ ብላ ጻፈች። «ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» አለች። ፈለግሁ፣ አላገኘሁም።

ለምን ስሙንና ፎቶውን አልቀየርሽም? ቁጥሯን አስገብታ ስትከፍተው እሳቸው ወጡ፤ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ። «የሰው አባት ናቸው። እንዴት አነሳቸዋለሁ?» ብላ ተወችው፤ የራሷን የሽያጭ ቻናል ግን በዚያው ላይ ከፈተች። ወልቂጤና ቡታጅራ ያሉ ደንበኞቿ የሚያዙት በእሱ ነው። ቁጥሩ መስታወቷ ላይ አለ፣ በወረቀት ቦርሳዎቿ ላይ አለ፣ በምትሸጠው ሽፋን ሁሉ ጀርባ ተለጥፏል።

ግሩፑን ለእኔ ላስተላልፍልዎ አለች። በጎ ልጅ። ሞከርን። ለመግባት ቁጥሩ ይበቃል፤ ግሩፑን ለማስተላለፍ ግን ካሳ ራሱ ያወጣውን የይለፍ ቃል ጠየቀን። የልደት ቀኑን፣ የልደት ቀኔን፣ የእድሩን ስም ሞከርኩ። አልሆነም። ከእኔ ሰውሮ የያዘው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ እሱንም ያደረገው ለጥንቃቄ ነው።


ጥቅምት 9፣ እሑድ

የእድር ስብሰባ። ጋሽ ደምሴ ቁጥሩ የእድሩ ንብረት ነው አሉ። ድንኳናችን ላይ ተጽፎ እንዴት የሌላ ይሆናል? ልጅቷ ትመልስ፣ አለዚያ ፖሊስ። ተነስቼ አስረዳሁ፦ ገዝታ ነው፣ በሕጋዊ መንገድ፣ በመታወቂያዋ። የወንበሩን ምሳሌም ነገርኳቸው። «ወ/ሮ የሺ፣ ካሳ ታክሲ አይደለም!» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ እውነቴን ነው። ውሳኔ ሳይኖር ተበተንን።

ይመስለኛል።


ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፤ ጠዋት 5፡00

ሰሚራ የምማርበት ክፍል በር ድረስ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። አካውንቱ ተዘግቷል። ቻናሉ የለም። ደንበኞቿ የላኩላት ትእዛዝ የለም። «ሌላ ሰው መስሎ በመቅረብ ታግዷል» ይላል፣ አራት ነጥብ።

ወዲያው ጋሽ ደምሴ ጋ ደወልኩ። አልደበቁም። እሑድ ከስብሰባ በኋላ በር በር እየዞሩ፣ ስልክ ያለው ሁሉ የካሳን ስም ከፍቶ ሪፖርት አድርግ የሚለውን እንዲጫን አዘዋል። መቶ ምናምን ሰው ተጫነ። አሮጊቶቹ በልጅ ልጆቻቸው እጅ። «በሙት ስም ከሚነገድ ይሻላል ብዬ ነው» አሉኝ። ሰሚራ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች።

ኩባንያው ለመዝጋት ማንንም አልጠየቀም። ብዙ ሰው ተጫነ፣ ዘጋ። መምህር ሳለሁ ክፍሉ ሁሉ በአንድ ተማሪ ላይ ጣቱን ቢቀስር ቢያንስ ልጁን ጠርቼ እጠይቅ ነበር።

ሰሚራ ይህን ነገረችኝ፦ መደርደሪያውን የምትጋራው ነጋዴ ሽያጭ ከሌለሽ ግማሽሽን ለኅዳር ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብሏታል። ሌላ ሲም ማውጣት አይከብዳትም። ግን ቡታጅራ ያለ ሰው አዲሱን ቁጥር ከየት ያውቃል?

ጥፋቱ የእኛ ነው። እኛ ማለት እድሩ። እኔ ደግሞ የእድሩ አባል፣ የጸሐፊው ሚስት። አካውንቱን ላስከፍት።


ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ለኩባንያው ጻፍኩ። አድራሻ የለውም፣ ስልክ የለውም፤ ያለው ቅጽ ነው። ቅጹ መጀመሪያ ይጠይቃል፦ የአካውንቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት? አይደለሁም ስል ይህ አገልግሎት ለባለቤቱ ብቻ ነው ብሎ ዘጋኝ። ሰሚራ ሞከረች። ነኝ ካልሽ የፊትሽን ፎቶ ላኪ አላት፤ ካለው ፎቶ ጋር ሊያስተያይ። «ባርኔጣ ባደርግስ?» አለች። ከማክሰኞ ወዲህ የሳቀችው ዛሬ ነው።

ሌላ መስኮት አገኘሁ፣ «ሌላ ጥያቄ» የሚል። ሙሉውን ታሪክ በአንቀጽ ከፋፍዬ፣ ከመግቢያ እስከ መደምደሚያ አስተካክዬ ጻፍኩ።


ጥቅምት 14፣ አርብ

መልስ መጣ። ስለ ትዕግሥቴ ያመሰግናል። የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚቀየር በዝርዝር ያስረዳል። የይለፍ ቃል አልጠየቅሁም።

እንደገና ጻፍኩ፣ አሳጥሬ። በደቂቃ ውስጥ ያው መልስ ተመለሰ፣ ቃል በቃል። አሳተምኩትና በቀይ ስክሪብቶ አረምኩት። «ጥያቄውን አላነበቡም። ዜሮ ከአሥር። ወላጅ ይዘው ይምጡ።» ከዚያ ለማን እንደምመልሰው ጠፋኝ።

የሚገርመኝ ቁጣዬ አይደለም፣ ደብተሬ። ይህ ኩባንያ ስለ እኛ ሰፈር ከቀበሌው የበለጠ ያውቃል። ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሚነሳ። ይህ ሁሉ የተደረደረበት ሠንጠረዥ አንድ ቦታ አለ። ላየው እፈልጋለሁ! ስንት ዓምድ አለው? «ሞቷል» የሚል ዓምድ ግን ያለው አይመስለኝም። ማን ይሞላዋል?


ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ዛሬ የቤት ሥራዬን ክፍል ፊት አቀረብኩ። ስልክ ቁጥርን ከቁልፍነት ሽሬዋለሁ አልኩና ምክንያቱን ተናገርኩ። ልጆቹ ስልካቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በት/ቤት እንዴት እንደምናደርግ ነገርኳቸው። ልጅ በዓመቱ መሐል ብትለቅ፣ የእሷን ተራ ቁጥር አዲስ ለመጣችው አንሰጥም። ቁጥሩ ባዶ ይቀራል፣ አዲሷ ከመጨረሻ ትጻፋለች። ለምን? የአንዷ ውጤት ለሌላዋ እንዳይሆን። ኩባንያው ይህን አጥቶት ነው?

መ/ር ናትናኤል አያጣውም አለ። ውስጥ ለውስጥ ለእያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፤ በሩ ላይ ግን ስልክ ቁጥርን ያቆመው ለሰው ስለሚቀልና ሰውን በሰው በኩል ስለሚያስገኝ ነው። ይህን አላውቅም ነበር። እንግዲህ ቤቱ ጥሩ ሆኖ በሩ ነው የተበላሸው። ቀጥሎ ሌላ ነገር አሳየኝ፦ ጥሩ ዳታቤዝ የሄደን ሰው አይሰርዝም። «ያበቃበት ቀን» የሚል ዓምድ ይጨምራል እንጂ። ረድፉ ይኖራል፣ ብቻ በዛሬው ዝርዝር ውስጥ አይታይም። ሁለቴ አስደገምኩት። እንዲህ ያለ ሐሳብ መኖሩን ሳላውቅ ጡረታ መውጣቴ!

ስለዚህ፦ ለእድሩ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ቁጥር፣ ለማንም ተመልሶ የማይሰጥ። ሰዎቹ በሌላ ሠንጠረዥ፣ ከቤቱ ጋር የተያያዙ። ስልኩ ተራ ዓምድ ይሁን፤ ይቀየር፣ ይጥፋ፣ ምንም አይደል። ድስቶቹም ላይ የሚጻፈው የእድሩ ስም ይሆናል።

ከክፍል በኋላ መ/ር ናትናኤል ስለ ሰሚራ ጠየቀኝና አብሮኝ ተቀምጦ የኩባንያውን የእርዳታ ገጾች ፈተሸ። አንድ መንገድ አገኘ። የሟች ቤተሰብ አካውንቱ እንዲጠፋ መጠየቅ ይችላል። አካውንቱ ሲጠፋ ቁጥሩ ለኩባንያው አዲስ ይሆናል፤ ሰሚራ በራሷ ስም ትከፍትበታለች።

ዋጋው፦ ካሳ የጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ከእኔም ስልክ፣ ከሁሉም ስልክ። ግሩፑም፣ መሥራቹ እሱ ስለሆነ። መከፋፈል የለም፣ መምረጥ የለም። ሁሉም ወይም ምንም።

መ/ር ናትናኤል «አይቸኩሉ ቲቸር» አለኝ።


ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ለሰሚራ ነገርኳት። አይሆንም አለች። «የባልዎን ነገር አጥፍቼ ሽፋን ልሸጥ? አላህ ይጠብቀኝ።» ተጣላን ማለት ይቻላል። እኔ ጥፋቱ የእኛ ነው እላለሁ፣ እሷ የእናንተም የእኔም አይደለም ትላለች። ጎረቤቷ ነጋዴ ጣልቃ ገባ፤ «ሁለታችሁም አታጥፉ፣ ኩባንያውን አጥፉት» አለ። በየትኛው ቅጽ ብዬ ጠየቅሁት።


ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ጋሽ ደምሴን ይዣቸው ሄድኩ። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ ጠዋት ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ። ሦስተኛ ፎቅ እስኪደርሱ ሁለቴ አረፉ። ሰሚራ ፊት ቆመው ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ ቻርጀር አነሱ፣ ስንት ነው አሉ፤ ነገረቻቸው። ሳይከራከሩ ከፈሉ።

ጋሽ ደምሴ! በመርካቶ ዕድሜያቸው ሙሉ የተጠራላቸውን ዋጋ ከፍለው አያውቁም። ሰሚራ ገባት። «ጋሼ፣ ይህኛው ለእርስዎ ስልክ አይሆንም» ብላ ሌላውን፣ የሚሆነውን፣ ሰጠቻቸው። ደረጃው ላይ ሲወርዱ፦ ደግ ልጅ ናት፣ ግን ዋጋዋ ውድ ነው።


ጥቅምት 23፣ እሑድ

ወሰንኩ። ዛሬ ጠዋት፣ ከቤ/ክ ስመለስ፣ መንገድ ላይ። ኅዳር ሊገባ ነው፤ ሰሚራ ቦታዋን ታጣለች፣ እኔ የማጣው ያለፈ ነገር ነው። ለእሷ ገና አልነገርኳትም።

የማጥፊያውን ቅጽ ሞላሁ። የእኔ ስም፣ የእኔ የቤተሰብ ስም። የእሱ ስም፣ የእሱ የቤተሰብ ስም። እኔ የሺ አያሌው፣ እሱ ካሳሁን ወልዴ። ወዲያው ተመለሰ፦ የቤተሰብ ስማችሁ ስለማይመሳሰል ዝምድናችሁን ማረጋገጥ አልቻልንም። አርባ ዓመት ከኖርን በኋላ ወንድምና እህት እንድንሆን ይፈልጋል! የጋብቻውንና የሞቱን ምስክር ወረቀት አስተርጉሜ፣ በአገራችን ሁለተኛው ስም የአባት እንደሆነ በሦስት ዓረፍተ ነገር አስረድቼ ላክሁ። ማሽን ቢያነበውም ባያነበውም፣ በትክክል ተጽፏል።


ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

መልስ እስኪመጣ ልገልብጥ። ግሩፑ ከአካውንቱ ጋር ቢዘጋም የድሮው ጽሑፍ ስልኬ ላይ ይታያል። ካሳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያወጃቸውን መርዶዎች ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ አዲሱ ዳታቤዝ። ስም። ቀን። የተቀበሩበት፣ ቤ/ክ ወይም የሙስሊም መቃብር። መርዶውን ያሰማው።

ሁሉም «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት» ብሎ ይጀምራል። አንዱ ላይ «ዝናብ ስላለ ጃንጥላ ያዙ» ይላል። አንዱ ላይ «ልጃቸው ብቻውን ነውና ወንዶች ቀደም በሉ»። ለጃንጥላ ዓምድ የለኝም። «ማስታወሻ» የሚል ጨመርኩ።

ለእኔ የላከልኝንም ከፈትኩ። ውሃ መጥቷል፣ ጀሪካኑን ሙዪ። ቁልፉ እነ አስካለ ቤት ነው። ዳቦ ልያዝ? ውሃ መጥቷል። ውሃ መጥቷል። መገልበጥ ጀመርኩና አቆምኩ። ካሳ እዚህ ውስጥ የለም። ካሳ አውሪ ሰው ነበር፤ በጣቱ ሲጽፍ ይሰለቸዋል። እንዲያም ሆኖ ቶሎ አልዘጋሁትም።


ጥቅምት 28፣ አርብ

ጸድቋል! ማን እንዳነበበው አላውቅም፤ ስም የለውም። አንድ ቁልፍ ብቻ ቀርቷል፣ የምጫነው እኔ ነኝ። ለመጫን የተወሰነ ጊዜ ሰጥተውኛል። እሑድ ሰሚራ ጋ ሄጄ እጫነዋለሁ። ስልክ ደውዬ ነገርኳት። በዚህ ጊዜ አልተከራከረችኝም፤ «እትዬ፣ ምሳ አብረን እንበላለን» አለች።


ጥቅምት 30፣ እሑድ፤ ከቀኑ 8፡00

ዱባይ ተራ። ሱቁ ዛሬ ጸጥ ያለ ነው፤ ኮምፒውተሬን መስታወቱ ላይ ዘርግቼአለሁ። ምሳ በልተናል። ሰሚራ ጣቶቿን እየጠረገች አጠገቤ ናት።

ከመጫኔ በፊት ሠንጠረዡን ለመጨረሻ ጊዜ ፈተሽኩ። በቀን ቅደም ተከተል ደረደርኩት። ሁሉም አሉ። መርዶውን ያሰማው በሚለው ዓምድ ቁልቁል ካሳሁን፣ ካሳሁን፣ ካሳሁን። ከታች፣ በእትዬ አስካለ ረድፍ፣ ሰሚራ። ስሟን ስታይ ክው አለች። «እኔን ጻፉኝ?» ታዲያ ማን ነው ያሰማው አልኳት።

በመካከላቸው ክፍተት አለ፣ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ። መጀመሪያ የሳትኩት ረድፍ ያለ መሰለኝ። ተመልሼ ፈለግሁ። አልሳትኩም። በዚያ ጊዜ ሰው ሁሉ በአፍ ነው የተነጋገረው፤ ግሩፑ ላይ መርዶ የሚጽፍ አልነበረምና። ከጎደሉት የመጀመሪያው የካሳ ነው። የሰፈሩን ሁሉ መርዶ ሲያሰማ ኖሮ የእሱ የትም አልተጻፈም።

የሌሎቹን ከጋሽ ደምሴ ጠይቄ እሞላለሁ። የእሱን አሁን። ካሳሁን ወልዴ። ቀኑን ጻፍኩ። ሚካኤል ቤ/ክ። መርዶውን ያሰማው፦ የሺ።

ማስታወሻ የሚለውን ባዶ ተውኩት። ባዶ ዓምድ ስሕተት አይደለም፣ ተምሬአለሁ።

አስቀመጥኩ። ሌላ ቦታም ገልብጬ አስቀመጥኩ። ከዚያ ስልኬን ከፈትኩ። እርግጠኛ ነዎት ወይ፣ ይህ ሊመለስ አይችልም ይላል። ሰሚራ ፊቷን ወደ ደረጃው አዞረች። አዎ የሚለውን ተጫንኩ።

ባርኔጣው ጠፋ። በቦታው ግራጫ ክብ ብቻ።

ቁጥሩን አስገቢ አልኳት። እያስገባች ነው። አዲስ ተጠቃሚ ብሎ ተቀበላት። ስም ይጠይቃታል። እኔን ታየኛለች፣ ጻፊ እንጂ እላታለሁ፣ እየጻፈች ነው፦ ሰሚራ።